የወላጅ ይቅርታና የእግዚአብሔር ምሕረት በመዝሙርና በቅኔ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ከተማችን ሸሕዲ የመንገድ ከተማ ናት። ከጎንደር ወርዶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ገላባትና ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መንገድ በመካከላችን ያልፋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ መድረስ ሲጀምር ከጎጃም፥ ከደጋው ጎንደር፥ ከወሎና ከሌላውም አገር እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። በደረቀ ጊዜ አፉን ከፍቶ ፍሬውን በመሬት ላይ ስለሚያፈስ በጥቂት ቀኖች ውስጥ መታጨድ አለበት፤ ስለዚህም ብዙ እጅ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ወጣት መካከል ተመርቆ የመጣ አለ፤ ተጣልቶ የመጣም አለ። አንዱ አባቱን ሳያስፈቅድ በሬ ሸጦ የመጣ ነው። ሌላው በትምህርት ምክንያት ተጨቃጭቆ፥ ሌላዋም የማትፈልገውን ጋብቻ ሸሽታ የወጣች ናት። ያገኙት ገንዘብ በወባና በካላ አዛር ሕክምና ያልቃል፤ ወይም በከተማ ይባክናል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ባዶ እጄን በምን ፊቴ እመለሳለሁ?» የሚል ነው። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ሲነሣም፥ ለብዙ ዓመታት በዚያ የኖሩ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ሲመለሱ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከድንበር የቆሙ ጥቂቶች አልነበሩም።

ይህም ጥያቄ በጉባኤያችን መካከል ገብቷል። ወላጁን ያስቀየመ ልጅ መመለስ ይችላልን? እናቱ የረገመችውን ልጅ እግዚአብሔር ይሰማዋልን? ይቅር ያለ ወላጅስ ይቅርታውን እንዴት ይፈጽመዋል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን በግጥም በኩል እንመለከታቸዋለን። ግጥምን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ልጅ አባቱን ባስቀየመ ጊዜ ብቻውን ፊት ለፊት አይቀርብም፤ ሽማግሌ ይልካል፥ ወይም ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ይወድቃል። በአፍ ለመናገር የሚያስፈራው ነገር በሌላ መንገድ ይደርሳል። ግጥምም በአባቶቻችን ዘንድ ይህንኑ የሽማግሌነት ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች በየተራ እንገልጻለን።

ሀ. የመዝሙራችን አባት ተመልሶ የመጣ ልጅ ነበር

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማና ድርሰት አባት ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ድጓውንና ጾመ ድጓውን እንደ ደረሰ፥ ግዕዝ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች እንደ ሠራ እናውቃለን። ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን ታሪኩን ግን ከርእሳችን አንጻር ያስተዋልነው ጥቂቶች ነን።

ያሬድ አባቱ የሞተበት ልጅ ነበር። እናቱ ያስተምረው ዘንድ ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባውም፤ መዝሙረ ዳዊትን መያዝ አቃተው። መምህሩም በመታው ጊዜ ጠፍቶ ሄደ። በመንገድም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣ፥ ሲወድቅ፥ እንደ ገናም ሲወጣ፥ በመጨረሻም ደርሶ ፍሬውን ሲበላ አየ። ከዚህ በኋላ ያሬድ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ለመነ። መምህሩም ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ስለ ትጋት ይነገርበታል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ከትሉ ትጋት በኋላ ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ልጁ ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ መምህር አልሄደም፤ ወደ መታው ሰው ተመለሰ። ሁለተኛው፥ አባ ጌዴዎን በሩን ከፈቱለት። ያን ዕለት መምህሩ «ከወጣህ ወጥተሃል» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በማኅሌት የምንሰማው ዜማ ከማን አንደበት ይወጣ ነበር? እንግዲህ የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሥሩ ይቅርታ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። ጠፍቶ የሄደ ልጅ ተመልሶ፥ አባት በሆነው መምህር ተቀባይነትን ስላገኘ የተገኘ ነው።

በቆላው እርሻ ላይ ሆኖ «እኔ ትምህርት የማይገባኝ፥ ለቤተሰቤም የማልረባ ነኝ» የሚል ወንድም ቢኖር ይህን ታሪክ ይዞ ይመልከተው።

ለ. ሚበዝኁ የተባለው ቅኔ ከየት መጣ?

ቅኔ የሚማሩ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት፥ ሁለት ቤት ያለው ቅኔ ጉባኤ ቃና፥ ሦስት ቤት ያላቸው ደግሞ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይባላሉ። ሚበዝኁ ስሙን ያገኘው ከመዝሙረ ዳዊት ሦስተኛው መዝሙር መጀመሪያ ነው። ይኸውም ባለ መዝሙሩ የሚያስጨንቁት ሰዎች እንደ በዙ ለእግዚአብሔር የሚናገርበት ቃል ነው። የዚህ መዝሙር አርእስት ምን እንደሚል እናስተውል። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የዘመረው እንደ ሆነ ይናገራል።

እንግዲህ በማኅሌት ሚበዝኁ በተባለ ቁጥር፥ መሠረቱ በልጁ የተሳደደ አባት ጸሎት ነው። የልጁን ስም በክፉ አያነሣም፤ ልጄ እንዲህ አደረገኝ ብሎም አይከስም። ጠላቶቼ በዙ ይላል እንጂ አቤሴሎም ጠላቴ ነው አይልም። ይህ ዝምታ ብዙ ያስተምራል።

የአቤሴሎምን ታሪክ በ2ኛ ሳሙኤል ከምዕራፍ 13 እስከ 19 እናገኘዋለን። አቤሴሎም ወንድሙን አምኖንን በእኅታቸው በትዕማር ላይ ስላደረሰው ግፍ አስገደለው፤ ከዚያም ወደ ጌሹር ሸሽቶ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። በኋላም ኢዮአብ አማልዶት ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ነገር ግን ንጉሡ ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ ፊቴን አይይ ብሎ አዘዘ። አቤሴሎም በአንድ ከተማ ከአባቱ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኖር የአባቱን ፊት አላየም (2ኛ ሳሙ. 14፥ 24-28)። መጨረሻው ግን ዳዊት ሳመው። ቢሆንም ልቡ አስቀድሞ ሻክሮ ነበርና፥ ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐመፀ።

የአቤሴሎም ዐመፅ የራሱ ኃጢአት ነው፤ በአባቱ ላይ ልንጭነው አንችልም። ሆኖም ግማሽ ይቅርታ ምን እንደሚመስል ከዚህ በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ወደ አገር መመለስ ተፈቅዶ ፊት ተከለከለ። በእኛም ቤት ይህ አለ። «ግባ፤ ነገር ግን አታናግረኝ» የተባለ ልጅ ስንት ነው? ከአባቱ ጋር በአንድ ገበታ የማይቀርብ፥ ስሙ በቤት ውስጥ የማይጠራ ልጅ ስንት ነው? በሩ ተከፍቶ ፊቱ ከተዘጋ ይቅርታው ገና በመንገድ ላይ ነው።

ዳዊት ባለ ቅኔ ነበር። ሳኦልና ዮናታን በሞቱ ጊዜ የተዋበ የሙሾ ግጥም ደርሶላቸዋል፤ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ (2ኛ ሳሙ. 1፥ 17-27)። አቤሴሎም በሞተ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ችሎታው ከእርሱ ራቀ። ወደ በሩ ሰገነት ወጥቶ አለቀሰ፤ የተናገረውም ቃል «ልጄ» የሚለውን እየደጋገመ ነው (2ኛ ሳሙ. 18፥ 33)። ለንጉሡና ለወዳጁ ግጥም የተገኘለት አንደበት፥ ለልጁ ያገኘው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች። ያቺ ቃል ከጌሹር በተመለሰ ዕለት ፊት ለፊት ተነግራው ቢሆን ኖሮ እያልን እናዝናለን። ስለዚህ የምንጸጸትበት ዕለት ሳይመጣ መናገር ይሻላል።

ሐ. ሰምና ወርቅ የአማላጅ ቋንቋ ነው

ኢዮአብ አቤሴሎምን ለማስመለስ በፈለገ ጊዜ የሠራውን እንመልከት። ከቴቁሔ አንዲት ብልህ ሴት አስመጥቶ ወደ ንጉሡ ላካት። ሴቲቱ የሐዘን ልብስ ለብሳ፥ ሁለት ልጆች እንደ ነበሯት፥ አንዱ ሌላውን እንደ ገደለ፥ ዘመዶቿም የቀረውን ልጅ አሳልፈሽ ስጪ እያሉ እንዳስጨነቋት ተናገረች። ንጉሡም ራርቶ ልጅሽ አይነካም ብሎ ፈረደላት። ፍርዱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነገሩን ወደ ራሱ መለሰችው (2ኛ ሳሙ. 14)። ቀደም ብሎ ነቢዩ ናታንም በአንዲቱ የድኻ በግ ምሳሌ ዳዊትን ኃጢአቱን አሳይቶታል (2ኛ ሳሙ. 12)።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ ምክንያቱም ነገሩ ፍጹም ሰምና ወርቅ ነው። የመበለቲቱ ልጅ ሰም፥ አቤሴሎም ወርቅ ነው። የድኻው በግ ሰም፥ የኦርዮ ሚስት ወርቅ ናት። ንጉሡ በሰሙ ላይ ፈረደ፤ ወርቁም ከራሱ ላይ ደረሰ። የዋሸራ፥ የጎንጅና የዋድላ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማሩት የንግግር ጥበብ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ቁጣ የዘጋውን ጆሮ ለመክፈት ይጠቅማል። የተቆጣ አባት «ልጅህን ይቅር በል» ሲባል ይበልጥ ይጠነክራል። የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ ሲነገረው ግን ይራራል፤ ከራራም በኋላ በራሱ ልጅ ላይ መጨከን ያሳፍረዋል።

ስለዚህ ለመታረቅ የምትልኳቸውን ሽማግሎች ስትመርጡ ጉልበተኛ ተናጋሪ ከመፈለግ ይልቅ እንደ ቴቁሔዋ ሴት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ሴትም ብትሆን መልካም ነው፤ መጽሐፍ የነገረን ሽማግሌ ሴት ነበረችና።

መ. የጠፋው ልጅና «ልጄ» የምትለው ቃል

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለሆነም ታሪኩን ሳንደግም ከአንድ ነገር ላይ እንቁም። ልጁ ከእርያዎቹ ዘንድ ሳለ ለአባቱ የሚናገረውን አስቀድሞ አዘጋጀ። ንግግሩ ሦስት ክፍል ነበረው። በድያለሁ የሚለው አንደኛው ነው። ልጅህ ልባል አይገባኝም የሚለው ሁለተኛው ነው። ከቅጥረኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ የሚለው ሦስተኛው ነው። ከቤት ሲደርስ ግን አንደኛውንና ሁለተኛውን ተናገረ እንጂ ወደ ሦስተኛው አልደረሰም። አባቱ አቋርጦ ልብስ አምጡ፥ ቀለበት አምጡ፥ ጫማ አምጡ አለ።

በሸሕዲ ለምንኖር ለእኛ ቅጥረኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጥረኛ የሚበላው በሠራው ልክ ነው፤ በታመመ ዕለት ሒሳቡ ይቆማል፤ አዝመራው ሲያልቅ ይሰናበታል። ልጅ ግን ባይሠራም ልጅ ነው። ባዶ እጄን አልመለስም የሚል ወጣት፥ ሳያውቀው፥ በአባቱ ቤት ቅጥረኛ ለመሆን የሚደራደር ነው። ብር ይዤ ከመጣሁ እቀበላለሁ፥ ካልያዝሁ አልቀበልም ብሎ ያስባል። ምሳሌው የሚያፈርሰው ይህንን አሳብ ነው። አባቱ የጠየቀው ምን ያህል ተረፈህ ብሎ አልነበረም።

«ልጄ» የምትለው ቃል ያላትን ኃይል የራሳችን አገር ታሪክም ያሳየናል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሽ ጋር በመተማ ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በዚያም ቁስል ዐረፉ። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞተውባቸው ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ንጉሡ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ እስከዚያ ድረስ የወንድማቸው ልጅ እየተባሉ የኖሩትን ራስ መንገሻን ልጄ ናቸው ብለው አስታወቁ። ይህ ታሪክ የይቅርታ ታሪክ ነው አንልም፤ የአልጋ ወራሽነት ጉዳይም አለበት። ነገር ግን ከከተማችን ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ፥ አንድ አባት በመጨረሻዋ ሰዓት ሊናገረው የፈለገው ነገር ይህ እንደ ነበረ ማሰብ ልብን ይነካል። ራስ መንገሻ በዚያች ዕለት ያገኙት ስም እስከ ዛሬ ይጠሩበታል፤ መንገሻ ዮሐንስ ይባላሉ። አባት ልጄ ካለ ስም ይለወጣል።

የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ብዙ የክርስቲያን ባለ ቅኔዎች ዘምረውታል። ከእነዚህም አንዱ የሶርያ ተወላጅ የሆነው ዲያቆን ሮማኖስ ነው። ይህ ሰው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፥ ማለትም ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በነበረበት ዘመን፥ በቁስጥንጥንያ በግሪክ ቋንቋ ይደርስ ነበር። ስለ ጠፋው ልጅ በጻፈው ድርሰት የአባቱን ግብዣ ከቅዱስ ቍርባን ማዕድ ጋር አያይዞታል። በአንድ ዘመን፥ ሳይተዋወቁ፥ አንዱ በአፍሪካ አንዱ በባሕር ማዶ ሆነው፥ ሁለት ዘማሪዎች ከመመለስና ከመቀበል ጋር የተያያዘ ውርስ ትተውልናል። አንዱ ስለ ተመለሰው ልጅ ዘመረ፤ ሌላው ራሱ የተመለሰ ልጅ ነበረ።

ከምሳሌው መጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ታላቁ ወንድም አልገባም ብሎ ከውጭ ቆመ፤ አባቱም ለእርሱ ደግሞ ወጣ። ገባ ወይስ ቀረ? ጌታ አልነገረንም። ይህ ክፍት የተተወው ከቤት ላልወጣን፥ ወላጆቻችንን ስናገለግል ለኖርን፥ ወንድማችን ሲመለስ ግን ፊታችን ለሚጠቁር ሰዎች ይመስለናል። መጨረሻውን የምንጽፈው እኛ ነን።

ሠ. የቆላችን ዕጣን

ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ ዕጣነ ሞገር ይባላል። ዕጣን ደግሞ የእኛ የቆላው ሰዎች ሀብት ነው። በመተማና በቋራ በረሃ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ፥ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው፥ በበጋ ወራት ግንዱ በስለት እየተፋቀ ይቆስላል። ከቁስሉ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ በአየርም ደርቆ ዕጣን ይሆናል። ከዚያ ተለቅሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጤሳል። ዛፉ ላቆሰለው ሰው የሚመልሰው መዓዛ ነው።

በጉባኤያችን ይህንን አስበን ለመለማመጃ የሚከተለውን ሁለት ቤት ሞክረናል።

ስለት የያዘ ልጅ አባቱን ቢቀደው፥
ደም ይወጣል ሲባል ዕጣንን ወለደው።

ሰሙ ዕጣን ቆራጩና ዛፉ ነው። ወርቁ ልጅ ያቆሰለው አባት ነው፤ ከእርሱ ቂም ሲጠበቅ ጸሎት ወጣ። ከዚህም በላይ ስንመለከት፥ ጎኑን በጦር ለወጉት ሳይቀር ምሕረትን ያፈሰሰውን ጌታ እናስባለን። «ወለደው» የሚለው ቃል ወደ ልጁም ሊመለስ ይችላል፤ ይቅር ያለ ወላጅ ልጁን ሁለተኛ ይወልደዋልና። ጀማሪዎች እንደ መሆናችን ሊቃውንቱ ያቃኑን።

ነገር ግን ምሳሌው የሚያስተምረው ሌላም ጉዳይ አለ። የዕጣን ዛፍ ያለ ልክ ከተቆረጠ፥ የማረፊያ ዓመትም ካልተሰጠው ይደክማል፤ ነፍሳትም ይገቡበታል፤ በመጨረሻም ይደርቃል። በአካባቢያችን ይህ ዛፍ እየቀነሰ መምጣቱንና በቦታው የሚተካ ወጣት ዛፍ መጥፋቱን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የሰው ወላጅም እንዲሁ ነው። ታጋሽ ቢሆን እንኳ ፍጡር ነው፤ ይቆስላል፥ ይደክማል፥ ያረጃል፥ ይሞታል። «እናቴ ሁልጊዜም ይቅር ትለኛለች» ብሎ በየዓመቱ የሚያቆስል ልጅ፥ አንድ ቀን ከደረቀ ግንድ ሥር ይቆማል።

የእግዚአብሔር ምሕረት ከወላጅ ምሕረት የሚለየውም በዚህ ነው። መጽሐፍ ሁለቱን ያመሳስላል፥ ይለያልም። መዝሙር 102 (በዕብራውያን አቈጣጠር 103) እግዚአብሔር ለሚፈሩት የሚራራውን ርኅራኄ አባት ለልጆቹ ከሚራራው ጋር ያነጻጽረዋል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ አፈር መሆናችንን ያውቃል ይላል። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 11 እግዚአብሔርን ሕፃኑን እጁን ይዞ መራመድ እንዳስተማረ ወላጅ አድርጎ ያሳየናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በምዕራፍ 49 ቁጥር 15 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። እናት ከማኅፀንዋ የወጣውን ልጅ ልትረሳ ትችል ይሆናል፤ እርሱ ግን አይረሳም ይላል። መዝሙር 26 (27) ቁጥር 10ም አባትና እናት የተዉትን ሰው እግዚአብሔር እንደሚቀበለው ይመሰክራል።

እንግዲህ የወላጅ ይቅርታ ለእግዚአብሔር ምሕረት ሰም ነው፤ ወርቁ እርሱ ነው። ሰም ያለ ወርቅ ይቀልጣል፤ ወርቁ ግን ሰሙ ከቀለጠ በኋላም ይኖራል። ወላጁ ይቅር ሳይለው የሞተበት፥ ወይም ሽማግሌ ልኮ አልቀበልም የተባለ ወንድም በዚህ ይጽናና። የሰው ደጅ ቢዘጋ የእግዚአብሔር ደጅ አልተዘጋም። እናቴ ረግማኛለችና እግዚአብሔር አይሰማኝም የሚለውም ፍርሃት ከዚህ ላይ ይወድቃል። እርግማን ልጅን ከእግዚአብሔር ፊት የሚያርቅ ቢሆን ኖሮ፥ ንስሓ የሚባል በር ባልተሰጠንም ነበር።

ረ. ወላጅም ምሕረት ይፈልጋል

መዝሙር 50 (51) በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ሁልጊዜ የሚደገም የንስሓ መዝሙር ነው። የጸለየው አባት የሆነ ሰው ነው። ዳዊት በቤተ ሰቡ ላይ የበደለ ነበር፤ አምኖን በትዕማር ላይ ግፍ በሠራ ጊዜ እጅግ ተቆጣ እንጂ ለልጂቱ ፍርድ ሲያደርግላት አናይም። ይህም የዚያ ሁሉ ጥፋት መጀመሪያ ሆነ። ስለዚህ ስለ ይቅርታ ስንናገር ልጅ ሁልጊዜ በዳይ፥ ወላጅ ሁልጊዜ ተበዳይ ነው ብለን አንነሣም። በከባድ ዱላ ከቤት የወጣ አለ። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል የሸሸች እኅት አለች። እንደነዚህ ላሉት ይቅርታ አድርጉ ማለት ወደ አደጋው ተመለሱ ማለት አይደለም። ቂምን መተው ይቻላል፤ ዱላው ወዳለበት ቤት መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ የንስሓ አባትንና አስተዋይ ሽማግሎችን መካከል ማስገባት ይገባል። ወላጅም ልጁን «በድዬሃለሁ» ቢል ክብሩ አይቀንስም፤ ንጉሡ ዳዊት በሕዝብ ሁሉ አፍ የሚደገም የኃጢአት ኑዛዜ ትቶልን አልቀነሰም።

ማጠቃለያ

ካየነው ሁሉ አራት ነገሮችን እንያዝ።

1. መመለስ በእጅ ባለው ገንዘብ አይለካም። ልጅነት ደመወዝ አይደለምና።

2. በአካል መሄድ ያልቻለ ቃል ይላክ። ዛሬ ስልክ አለ፤ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰውም አይጠፋም። ፊደል ለማያውቁ የጉልበት ሠራተኞች፥ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር ባለው በወርኃ ጽጌ፥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፉላቸውና ስልክ የሚያገናኟቸው የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ቢመደቡ ብለን አሳብ እናቀርባለን። ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚዘመርበት ጊዜ ነው፤ ለእኛም የሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው። ስደተኛዋን እናት እየዘመርን የእናቱን ድምፅ ከሰማ ዓመታት ያለፉትን ወንድም ብናልፈው መዝሙራችን ይጎድላል።

3. ይቅር ያልን እንደ ሆነ ፊታችንንም እንስጥ። በሩን ከፍቶ ፊትን መከልከል የአቤሴሎምን ሁለት ዓመት መድገም ነው።

4. የወላጅን ትዕግሥት አናባክን። ዛፉ ሳይደርቅ እንመለስ። የደረቀም ቢሆን ግን ወደማይደርቀው ምሕረት እንሂድ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. አባ ጌዴዎን ያሬድን ባይቀበሉት ኖሮ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር?

ለ. መዝሙር 3ን በቤታችሁ አንብቡ። ዳዊት የልጁን ስም በመዝሙሩ ውስጥ ያላነሣው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. የተቆጣ አባትን ለማስታረቅ ብትላኩ እንደ ቴቁሔዋ ሴት ምን ዓይነት ታሪክ ትነግሩት ነበር?

መ. ታላቁ ወንድም ወደ ግብዣው ይገባ ዘንድ አባቱ ከተናገረው ሌላ እናንተ ምን ትሉት ነበር?

ሠ. ስለ ይቅርታ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና በአማርኛ ወይም በግዕዝ ሞክራችሁ ለሚቀጥለው ጉባኤ አምጡ።

የቸርነቱ ብዛት የማይለካው አምላካችን የተጣላውን ያስታርቅልን፤ የወጣውን ይመልስልን፤ በመንገድ ያለውንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።